በጉለሌ አጥር፣ በሱሉልታ ካርታ

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እያልን ስንተርት ዘመን አልፏል። ተረቱን በተረትን ቁጥር ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ አንድም ሰማዩ ነው፣ አንድም ከታች ሆኖ የሚጠጣው ጎረቤት ነው። የገዛ እጃችን ግን በክስ መዝገቡ ላይ ሰፍሮ አያውቅም። እኔ ዛሬ መክሰስ የምሻው ይህንኑ እጅ ነው፤ በክረምት ችግኝ ይዞ ፎቶግራፍ የሚነሣውን፣ በበጋ ደግሞ በረግረጉ ላይ የይዞታ ካርታ የሚፈርመውን አንዱን እጅ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ነገሩን ከሚታየው እንጀምር። አዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ ጫፏ፣ ጉለሌ ላይ፣ የእጽዋት ማዕከል አላት። ማዕከሉ በ2005 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ተስማምተው የጀመሩት ሲሆን፣ ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። ተራራውን ወርሶት የኖረውን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ እያነሡ በምትኩ ጽድን፣ ወይራን፣ ኮሶንና ሌሎች አገር በቀል ዛፎችን የመመለስ ሥራ ተሠርቶበታል። ለዚህ ሥራ የደከሙ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ስለ ጉለሌ የምጽፈው ጉለሌን ለመንቀፍ አይደለም። የምጽፈው የጉለሌ አጥር ስለሚያበቃበት ቦታ ነው።

የጉለሌ ኮረብታዎች የእንጦጦ ሰንሰለት አካል ናቸው። እንጦጦ ደግሞ ከተማዋን ከሰሜን ንፋስ የሚጋርድ ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ውኃ አካፋይ ነው። በደቡብ ተዳፋቱ የወረደው ዝናብ በከተማዋ ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ገብቶ በአፋር ምድር ይቀራል። በሰሜን ተዳፋቱ የወረደው ግን በሱሉልታ ሜዳ ላይ ተኝቶ፣ በሙገር በኩል ወደ አባይ ይጓዛል። አንዱ ደመና በአንዱ ጋራ ራስ ላይ ሲያራግፍ ግማሹ ለአፋር አርብቶ አደር፣ ግማሹ ለሜዲትራኒያን ባሕር ይሆናል ማለት ነው። አጥሩ ዛፉን ይጠብቃል። ውኃው ግን አጥር አያውቅምና ሾልኮ ወርዶ ሜዳ ፍለጋ ይሄዳል። ሜዳውስ? ሜዳው ጠባቂ የለውም።

ሱሉልታን አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በድርቆሿና በሯጮቿ። ሁለቱም የአንዱ ሜዳ ልጆች ናቸው። ሰኔ ግም ሲል ያ ጠፍጣፋ ሜዳ ከየጋራው የሚወርደውን ጎርፍ ይቀበላል። መረሬው አፈር ጠጥቶ ያብጣል፤ ከአፈሩ የተረፈው በሣሩ መካከል ይተኛል። ወራት ወስዶ ውኃውን ቀስ እያለ ለወንዙ ይለቃል። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ በየመኪናው ተጭኖ የመዲናዋን የወተት ላሞች ይቀልባል። አንድ ሜዳ ያለ አንዲት ከረጢት ስሚንቶ ግድብም ነው፣ ማጣሪያም ነው፣ የመኖ መጋዘንም ነው። ደመወዝ ጠይቆ ስለማያውቅ ግን ሥራ ፈት መስሎን ቆየን። "ባዶ መሬት" ብለን ስም አወጣንለት። ባዶ የተባለ መሬት ደግሞ በዚህ አገር ዕጣው የታወቀ ነው፤ በመንገዱ ዳር ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው ጀርባ የውኃ ማሸጊያ፣ ከማሸጊያው ጀርባ የመኖሪያ ሰፈር ተከታትለው ገቡ። በሜዳው የተጠራቀመውን ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አሽገን እየጠጣን፣ ውኃው የሚጠራቀምበትን ሜዳ እየሸነሸንን ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን መሬት ባዶ አላሉትም፤ ጨፌ ነው ያሉት። ቃሉ በአማርኛም በኦሮምኛም አለ። በገዳ ሥርዓት ሸንጎው የሚሰየመው በለምለሙ ጨፌ ላይ ስለነበር የሸንጎውም ስም ጨፌ ሆነ፤ ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። ሕግ የሚወጣበት ቤት በሜዳው ስም ተሰይሞ፣ ሜዳው ራሱ ግን ጠበቃ አጥቶ ሲሸነሸን ከርሟል። ከዚህ የበለጠ ምጸት ካለ ይነገረኝ።

ዳግመኛም ቄጤማ አለ። ዕንቁጣጣሽ ሲደርስ ከተሜው እስር ቄጤማ ከመንገድ ዳር ገዝቶ ቤቱን ይጎዘጉዛል። ቡና ሲፈላም ይጎዘጎዛል። በቅዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመኑም በራሱ ላይ ያስረዋል። ርግቢቱ ለኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል አበሠረችው፤ ቄጤማውም የዚያ ምሳሌ ነው ይሉናል። ወፍ፣ ለምለም ቅጠልና የጎርፍ መጉደል በአንድ ሥርዓት ተገናኝተው ለዘመናት ሲተላለፉልን ኖረዋል። እኛ ግን ሥርዓቱን ይዘን መሬቱን ጣልን። ቄጤማ በአስፋልት ላይ አይበቅልም።

አሁን ወደ ወፏ ልምጣ።

በእንግሊዝኛ ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል፣ በሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ የምትባል፣ ቁመቷ አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ ክንፏ ስትዘረጋው ነጭ ምልክት ያለበት የረግረግ ወፍ አለች። ውላ የምታድረው ጥቅጥቅ ባለ ቄጤማና ሣር ውስጥ ስለሆነ እረኛ እንኳ በአጋጣሚ ካላስበረገጋት በቀር አያያትም። በ1877 ከደቡብ አፍሪካ ለሳይንስ ተዋወቀች። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2013 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት ተራ መዘገባት፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ወፎች ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ብርቅዬነቱን የምንዘምርለት ቀይ ቀበሮ እንኳ በቁጥር ይበልጣታል። በደቡብ አፍሪካ መራባቷ የተረጋገጠው ገና በ2018፣ በረግረግ ውስጥ በተደበቁ ካሜራዎች ነው። ከዚያ በፊት ግን ጎጆዋን የምትሠራበት ስፍራ ተብሎ በዓለም የሚጠራው የእኛው የመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ነበር።

ይህች ወፍ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ ከተመዘገበችባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ነው። ዛሬ የወፏ ስም ሲነሣ ግን ቀድሞ የሚጠራው ሱሉልታ አይደለም፤ በርጋ ነው። በርጋ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ፣ ወደ አዋሽ በሚገባው በበርጋ ወንዝ ሙላት የሚረሰርስ የሣር ሜዳ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወፏ ክረምት ክረምት ስትራባበት ታይታለች። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይም በዚያው ይውላል።

በርጋ ለምን ተረፈ? ሱሉልታስ ለምን ይህ ዕጣ ደረሰባት? መልሱ የሚያኮራ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ገደማ፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ስለነበር፣ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን አተረፋት፤ ቤተ መንግሥቱም እዚሁ ቀረ። ያ ሐሳብ ሠምሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በርጋ የአንድ ክፍለ ከተማ ስም በሆነ ነበር። ሜዳው የተረፈው ሕግ ስለጠበቀው አይደለም፤ ከተማው ሳይደርስበት ስለቀረ ነው። የዚህች አገር ረግረጎች በአጋጣሚ ይኖራሉ፣ በውሳኔ ይጠፋሉ። ከተማው ግን ዛሬ በሁሉም አቅጣጫ እየገሰገሰ ነው፤ አጋጣሚም ዕድሜ አለው።

ስለ በርጋ ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ከጊዜ በኋላ ጥበቃ ሲመጣ በአጥር አልመጣም። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የአካባቢውን ገበሬዎች ቀርቦ አነጋገረ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ወፏን የሚጠብቅ ቡድን አቋቋሙ። ከደቡብ አፍሪካ ወፍ ወዳዶች በተገኘ እርዳታም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠራ። የስምምነቱ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ወፏ ስትፈለፍል ከብቱ ከረግረጉ ይራቅ፣ ጫጩቶቹ ሲወጡ ከብቱ ይግባ፣ ሣሩም ይታጨድ። ማንም አልተፈናቀለም። ማንም ካሳ ፍለጋ በቢሮ በር ላይ አልተንከራተተም። ያስፈለገው ወቅትን ማክበር ብቻ ነበር። ገበሬው ደግሞ ወቅት ማክበርን ከማንም ባለሥልጣን ይልቅ ያውቃል።

"ሰው እየተራበ ስለ ወፍ ታወራለህ?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው የሚከበር ቢመስልም የሚጠየቀው ሁልጊዜ በተሳሳተ ሰዓት ነው። ረግረጉ ለፋብሪካ ሲሰጥ የድርቆሹ ባለቤት ገበሬ ምን ይበላል ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ወፏ እዚህ ሙግት ውስጥ የገባችው ከሰው ስለምትበልጥ አይደለም፤ ምስክር ስለሆነች ነው። እርሷ ባለችበት ሜዳው ውኃ ይይዛል፤ ሜዳው ውኃ በያዘበት ምንጩ በበጋ አይነጥፍም፣ ላሟ አትከሳም፣ የታችኛው መንደር በክረምት አይጠረግም። እርሷ ስትጠፋ ሁሉም ተራ በተራ ይጠፋል። ምስክርን አጥፍቶ ክስን መዝጋት ደግሞ ለዚህ አገር አዲስ ዘዴ አይደለም።

ጎርፍ መተኛ ቦታ ሲነፈግ የሚያደርገውን አናውቅም እንዳንል ድሬዳዋ አለች። በነሐሴ 2006 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። በበጋ ደረቅ አሸዋ የሚመስል ወንዝ ክረምት ሲመጣ የቀድሞ ይዞታውን ያስመልሳል፤ ማስጠንቀቂያም አይጽፍም፣ ይግባኝም አይቀበልም። አዲስ አበባም ብትሆን በ2019 የወንዞቿን ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ላይ ለማስዋብ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ይሆናል የተባለ ፕሮጀክት ጀምራለች። ወንዝ መዋቡን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ወንዝ የሚፈልገው መዝናኛ ሳይሆን መተኛ ነው። ዳርቻውን በድንጋይ ገንብተን ከላይ ያለውን ረግረግ ካደረቅን፣ ያሰማመርነው ወንዙን ሳይሆን የጎርፉን መንገድ ነው።

ሕግ የለም ወይ? ሕግማ መች ጠፋ! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ተደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 299/2002 ማንኛውም ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ እንዲገመገም ያዛል። ይሁን እንጂ በ2009 የግምገማው ሥልጣን በውክልና ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች ተላለፈ። ፋብሪካ እንዲበዛ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ፋብሪካው የሚያደርሰውን ጉዳት ራሱ መዛኝ ሆነ ማለት ነው። ዳኛውም ጠበቃውም አንድ ሰው ሲሆን ተከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው ሜዳው ብቻ ነው። የረግረጋማ መሬቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመው በ1971 ነው። ዩጋንዳ በ1988፣ ኬንያ በ1990 ሲገቡ፣ የአፍሪካ የውኃ ማማ ነኝ የምትለው አገራችን ለአሥርት ዓመታት ከደጅ ቆማ ቆየች። ዩጋንዳማ በ1995 ሕገ መንግሥቷ ረግረግን በስሙ ጠርታ፣ መንግሥት ለሕዝብ በአደራ የሚይዘው ሀብት ብላዋለች። እዚያም ጥሰቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ዩጋንዳዊው አቤት ሲል የሚጠቅሰው አንቀጽ አለው።

የነገሩ እሾህ ያለው ግን ከዚህም ጠልቆ ነው፤ ፖለቲካው ውስጥ። ከእንጦጦ ወዲህ አንድ አስተዳደር፣ ከእንጦጦ ወዲያ ሌላ አስተዳደር አለ። ተፋሰሱ አንድ ነው፤ ማኅተሙ ሁለት። በ2014 ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን፣ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ በጥር 2016 ተሰርዟል። ገበሬው ማስተር ፕላን ሲባል የተረዳው መፈናቀልን ነበር፤ ስጋቱም ከባዶ የመጣ አልነበረም፣ ከጎረቤቱ ዕጣ የተማረው ነው። ዕቅዱ ተሰረዘ፤ የመሬት ቅርምቱ ግን አልተሰረዘም። ስለ ጋራ ወንዝ በጋራ መነጋገር መሬት እንደ መቀማት ተቆጥሮ አፋችን ተለጎመ፤ በዝምታው መካከልም ሜዳው ከሁለቱም ወገን አመለጠ። በ2022 የሸገር ከተማ ሲመሠረት ሱሉልታም የእርሱ አካል ሆነች። ብዙ ሳይቆይ በሕገ ወጥ ግንባታ ስም የብዙ ድሆች ቤት ፈረሰ። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ካርታ የሌለው የድሃ ጎጆ ሕገ ወጥ ከሆነ፣ ካርታ ያለው የረግረግ ላይ አጥር ሕጋዊ የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? ጎርፍ ማኅተም አያነብም። ወፏም አታነብም።

በእርግጥ የሄደውን ሁሉ መመለስ አይቻልም ይባላል። ኔዘርላንዳውያን ግን ተቃራኒውን አሳይተውናል። ባሕርን በግድብ ገፍተው አገር የሠሩ ሰዎች፣ የ1993 እና የ1995 ጎርፎች ካስደነገጧቸው በኋላ፣ ግድቡን ከማስረዘም ይልቅ ከ30 በሚበልጡ ስፍራዎች ለወንዞቻቸው ቦታ መልሰው ሰጡ። ይህን ያደረጉት ወፍ ስለሚያመልኩ አይደለም፤ ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ የምለውን በአጭሩ ልደርድር።

አንደኛ፣ የሱሉልታ፣ የበርጋና የአቃቂ ጎርፍ የሚተኛባቸው ሜዳዎች ወሰናቸው ተለክቶ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ በዚያ ወሰን ውስጥ ሊዝም ምሪትም በሕግ ይከልከል። ሁለተኛ፣ የሜዳው ጠባቂ ገበሬው ነውና ሣር የማጨድና ከብት የማሰማራት መብቱ በስሙ ይጽና። ካርታ የሚያስፈልግ ከሆነ የመጀመሪያው ካርታ ለድርቆሹ ባለቤት ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ሁለቱ አስተዳደሮች ስለ ወሰን የሚከራከሩበት ሳይሆን ስለ ውኃ የሚነጋገሩበት አንድ የተፋሰስ ጉባኤ ያቋቁሙ፤ ገበሬውም በወንበር ይቀመጥበት። አራተኛ፣ ችግኝ ተከላው ጨፌውን ይለፈው። ዛፍ ለገደል መድኃኒት ነው፤ ለረግረግ ግን፣ በተለይ ባሕር ዛፍ፣ መርዝ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ ተከልን ያለ መንግሥት፣ አንድ ሜዳ ሳይነካ መተዉንም እንደ ሥራ ቆጥሮ ሪፖርት ያድርግ። አምስተኛ፣ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከዛፉ አጠገብ ለቄጤማውም ስፍራ ይስጥ፤ የከተማው ልጅ ቤቱ የሚጎዘጎዘው ሣር የሚበቅልበትን መሬት በዓይኑ ይይ፣ የወፏንም ስም ይማር። ስሙን የማያውቁት ነገር ሲጠፋ አይለቀስለትምና።

ይህ ሁሉ ከአንድ ድልድይ ወጪ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። የሚጠይቀው ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ ባለሥልጣን ሪባን የማይቆርጥበትን፣ ሐውልት የማይቆምበትን፣ በስሙ የማይጠራበትን ሥራ ሥራ ብሎ መቀበል ነው። ተራራ ላይ የተተከለ ዛፍ ከሩቅ ይታያል። ረግረግ ውስጥ የተጠለለች ወፍ አትታይም። መንግሥታችን የሚታየውን በመውደዱ ብቻውን አይወቀስም፤ እኛም የተማርን ነን የምንለው ከተሜዎች በርቀት የሚታየውን አረንጓዴ እያደነቅን፣ ከጋራው ጀርባ ያለው ሜዳ ሲሸነሸን የቦታውን ዋጋ ከመጠየቅ ያለፈ አልጠየቅንም።

ክረምቱ በየዓመቱ ይመጣል። ጋራው ውኃውን ይለቃል፤ ውኃውም ሜዳውን ይፈልጋል። ሜዳውን ካጣ ቤታችንን ያገኛል።

ቸር ይግጠመን።